ዳይሬክተራችንን የገደልሁበት ማስመሪያ

በሕይወቴ አንድ ሰው ገድያለሁ። ስለት አልያዝሁም፣ መርዝ አልበጠበጥሁም። መሣሪያዬ ጠርዟ የተበላ የእንጨት ማስመሪያ ነበረች። ድርጊቱን የፈጸምሁት ዓርብ ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ፣ መስመሩ እንዳይዛነፍብኝ ትንፋሼን ውጬ ነው። መስመሩ አልተዛነፈም። ከጠቅላላው ታሪክ ዛሬም የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ዘመኑ የደርግ፣ አገሩ ላሊበላ ነው። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በር ላይ ብቅ ስል ስልሳ ተማሪ ብድግ ብሎ «እንደምን አደሩ መምህር!» አለኝ። እኔም ደንግጬ «ደህና፣ ተቀመጡ» ብዬ ወደ ኋላ ወንበር ሄጄ ቁጭ አልሁ። የተከተለውን ሳቅ አልነግራችሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «እማማ» ሆነ። አይፈረድባቸውም፤ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ እኔ ስዳር ገና ጡት ትጠባ ነበር። በዐሥር ዓመቴ ገነተ ማርያም ተዳርሁ፣ በዐሥራ አራቴ ከትዳሩ ወጣሁ፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ዛፍ ሥር ቆጠርሁ፣ ከዚያ ላሊበላ አክስቴ ዘንድ ተጠጋሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር ስለማይገባ ሁለት ዓመት ሙሉ በጎኔ ተቀምጬ ነው የተማርሁት።

አባቴ ነገሩ አልጣመውም። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዐሥራ ሁለት ቀፎ ያለው ጎረቤት አዘጋጅቶልኝ ነበር። ሰውዬው መጥፎ አይደለም፤ ከሰው ይልቅ ከንቦቹ ጋር ማውራት የሚቀናው ዝምተኛ ነው። እኔ ግን ንብ መሆን አልፈለግሁም። ጉዳዩን የያዙልኝ ዳይሬክተራችን ጓድ ሞላ ናቸው። አባቴን ቢሮ ጠርተው አስቀምጠው ወረቀት አዋዋሉን። «ስምንተኛን እስክትጨርስ አትነካም። አንድ ጥፋት ከተገኘባት ግን አባቷ ይዟት ይሄዳል» ይላል ወረቀቱ። አባቴ በአውራ ጣቱ አተመ፣ ጓድ ሞላ ፈረሙ፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ገባ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል ላይ እንደምትራመድ ሴት መራመድ ጀመርሁ።

አንድ ጥፋት። ይኼን ቁጥር ያዙልኝ።

ሌላ የምትይዙልኝ ደግሞ የአክስቴን ግድግዳ ነው። ከእኛ በፊት በቤቱ የተከራየ የመንግሥት ሠራተኛ ጭቃው እንዳይራገፍ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በአሮጌ ጋዜጣ ለጥፎት ነበር። ከዛፉ ሥር ይልቅ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከመደቤ ራስጌ የምወደው አንድ ገጽ አለ። ከረቫት ያሰረ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ሰውዬ፣ ዙሪያውን ጣት የሚያህል ጥቁር ክፈፍ፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «አጭር የሕይወት ታሪክ»። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ በየትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንዳገለገለ ይተርካል። በቃሌ ነበር የማውቀው። የገጹ ታች ግማሽ ከአክስቴ የእንጨት ሳጥን ጀርባ ስለሆነ ሰውዬው መጨረሻው ምን እንደሆነ አይቼ አላውቅም። ሚኒስትር ሆኖ ይሆናል እያልሁ እተኛለሁ።

እንግዲህ ወደ ጋዜጣው እንምጣ። አማርኛ የሚያስተምሩን መምህር ይመር የደሴ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። ሐሙስ ሐሙስ የጋዜጣ ትምህርት ይሰጡን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ስድስት ቃል ጻፉ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከዚያም ዞር ብለው፣ «ሰው አንድ ነገር ሲነግራችሁ የምትሉት ሁለት ነገር ነው። ማን ነገረህ? እሱስ እንዴት አወቀ?» አሉ።

አንዱ ተማሪ «የላሊበላ ሕዝብ በሙሉ በአዲሱ ወፍጮ ተደሰተ» ብሎ ጽፎ ቢመጣ፣ መምህር ይመር ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩን።

«በሙሉ? መነኮሳቱንም ጠየቅህ?»

«አልጠየቅሁም መምህር።»

«አህያዋንስ? ጭነት የቀለለላት እሷ ናት!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደብተሬ ላይ «አህያዋን መጠየቅ» ብዬ ጻፍሁ። እንደዚያ ነበርሁ። በሽታው ቤት ድረስ ገባ። አክስቴ «ዛሬ ይዘንባል» ስትል «ማን ነገረሽ? እሱስ እንዴት አወቀ?» አልኋት፤ መልሱ በጭልፋ መጣ።

ጽሕፈቴ ስለሚያምር፣ ደግሞም በዕድሜ ስለምበልጥ፣ የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጅ ተባልሁ። ጋዜጣው ማለት በአጥሩ ውጪ፣ ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ፊት ለፊት የተተከለ ሳንቃ ነው። ለመጀመሪያው እትም የደረሰኝ ሥራ የዳይሬክተሩን ታሪክ መጻፍ ነበር።

ጓድ ሞላን የማያውቅ ተማሪ የለም። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አርጩሜ ይዘው ቆመው የሚያረፍደውን ይጠብቃሉ። ሲስቁ ያየ ሰው የለም፤ «ጥርስ የላቸውም» የሚሉም ነበሩ። ቢሮ ገብቼ ስጠይቃቸው ጣቢያ እንደቀረበ ሰው ቆጠብ አድርገው መለሱልኝ። ኩልመስክ አጠገብ መወለዳቸውን፣ አራት ልጆች እንዳሏቸው፣ ሃያ ዓመት ማስተማራቸውን ነገሩኝ።

«ስለ እርስዎ ሰው ምን እንደሚል ደግሞ እጠይቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አትድከሚ» አሉ፣ ወረቀት እያገላበጡ። «የሚያመሰግነኝ አታገኚም።»

ማክሰኞ ለስብሰባ ወደ ወልድያ ሄዱ። የሚመለሱት በሳምንቱ ሰኞ ነው ተባለ። ፎቶግራፍ ፈልጌ ቤታቸው ብሄድ ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ ከመስታወት ጀርባ አንዲት ትንሽ ፎቶ አውጥተው ሰጡኝ። «ከዚች ሌላ የለኝም» አሉኝ። «አደራሽን።»

ሐሙስ መምህር ይመር ጽሑፌን ቃል በቃል አረሙት። አንድም ስሕተት አላገኙበትም። ወንድማቸው ከኩልመስክ ሚስት ስላገኘ ዓርብ ረፋድ ለሠርጉ ወደዚያ ተነሡ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ብቻዬን ሳንቃው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ፎቶውን በዱቄት ሙጫ ለጠፍሁ። ጽሑፉን ከሥሩ ለጠፍሁ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየሁት። ደርቆብኛል። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው እንዲሁ ባዶ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ያን ጊዜ ራስጌዬ ያለው ባለ ከረቫት ትዝ አለኝ። ክፈፍ! የሚጎድለው ክፈፍ ነው! እየሮጥሁ መሪጌታ ፈንታ ዘንድ ሄድሁ። መሪጌታ ብራና የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም ራሳቸው ከጥላሸት ይሠሩታል፤ ዝናብ አይነካው፣ ፀሐይ አያደበዝዘው።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለጓድ ሞላ ነው፣ የኔታ።»

«ለእሳቸው ከሆነ ውሰጂ» ብለው ቀለም የተሞላውን ቀንድ ሰጡኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም እንጂ የመጀመሪያው ምስጋና ይኼ ነበር።

አሰመርሁ። ጣት የሚያህል ጥቁር ክፈፍ፣ አራቱም ማዕዘን ልክ። ከላይ «አጭር የሕይወት ታሪክ» ብዬ ርእሱን አደመቅሁት። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። የላስታ ሰው ሁሉ፣ የቆላውም የደጋውም፣ በዚያ መንገድ ያልፋል። እኔ ጠዋት ተነሥቼ ከሳንቃው ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ፤ አንባቢዎቼን ልይ ብዬ።

መጀመሪያ የመጣው የመስተዳድሩ ጸሐፊ ነው። ቆሞ አነበበ። ኮፍያውን አወለቀ። ልቤ ዘለለ። ጽሑፍ አንብቦ ኮፍያ የሚያወልቅ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም! ሁለት ሴቶች መጡና እሱ የሆነ ነገር ሹክ አላቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዷ እንባ ወረዳት። እኔ እንደሆነ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ይሆን የነካት እያልሁ በልቤ እፈልጋለሁ። ኩልመስክ የተወለዱበት ነው? ወይስ የአራት ልጆቹ?

መሪጌታ ፈንታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ከላይ እስከ ታች አነበቡ። የራሳቸውን ቀለም አወቁት፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተረጋግጦ ነው የተጻፈ?»

«አንዲት ቃል ሳትቀር፣ የኔታ።»

«ባለቤታቸው አይታዋለች?»

«ገና አላዩትም።»

«እንዳታሳያት!» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስከ ነገ ማለዳ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ድግስ ሊያዘጋጁላቸው ነው ብዬ በደስታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ለምሳ ቤት ስገባ አክስቴ ባቄላና ስንዴ በትልቅ ድስት ትዘፈዝፋለች። እኛ አገር ይኼን ያህል ባቄላ ከስንዴ ጋር የሚዘፈዘፈው ለንፍሮ ነው፤ ይኼን ያህል ንፍሮ የሚቀቀለውም ለለቅሶ።

«ማን ሞተ?» አልሁ።

«ዝም በይ። ነገ ማለዳ ከእትዬ ዝናሽ ቤት መርዶ አለ።» ዓይኗ ቀልቷል። «ጓድ ሞላ፣ ወልድያ ላይ...»

ይኼው ትናንት የከፈፍኋቸው ሰውዬ! ዋሴ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ግን ትምህርት የሚባለው ነገር ክፉ ነው፤ እያለቀስሁ ጠየቅሁ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ልጅ!»

«ማን ነገረሽ? እሱስ እንዴት አወቀ?»

«በርበሬ ሻጯ ነግራኝ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ለቀጣዩ እትም ዜናውን አሟልቼ ልጽፍ ነዋ። መቼ? እንዴት? መኪና ተገልብጦ ይሆን? በርበሬ ሻጯን አገኘኋት፤ ከወፍጮ ቤት ነው የሰማሁ አለችኝ። ወፍጮ ቤት ሄድሁ፤ ባለ ወፍጮው ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ «ኧረ እኔስ ከመሪጌታ ሚስት ነው» አለኝ። የመሪጌታን ሚስት አገኘኋቸው፤ «ከእሳቸው ሌላ ከማን ልሰማ ኖሯል» አሉኝ። ምንጩ እየቀረበ ሲመጣ እግሬ ይፈጥናል። መሪጌታ ከደጃቸው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ስለ ጓድ ሞላ ማን ነገረዎት?»

ትክ ብለው አዩኝ።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?»

«ተረጋግጦ ነው ብዬ አልጠየቅሁሽም? አንዲት ቃል ሳትቀር አላልሽኝም?» አሉ። «በጥቁር ክፈፍ የሚከበብ የሞተ ሰው ብቻ ነው። እኔ ደሴ ሄጄ አይቻለሁ። የሕይወት ታሪክስ ከቀብር ላይ እንጂ የት ይነበባል?»

ቤት ደርሼ የአክስቴን ሳጥን በሁለት እጄ ስጎትት ራሴን አገኘሁት። ሳጥኑ እየተንቋረረ ፈቀቅ አለ። ከጀርባው፣ ዓመት ሙሉ ሚኒስትር ሆኖ ይሆናል ስለው የኖርሁት ባለ ከረቫት፣ «ባደረበት ሕመም» ይልና ስለ ቀብሩ ይቀጥላል። ሌላውን ማንበብ አልቻልሁም።

ተመልሼ ሮጥሁ። መሪጌታን እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኋቸው። «አልሞቱም የኔታ! እኔ ነኝ! ለማሳመር ብዬ ነው!»

መሪጌታ ፂማቸውን ያዙ። እሳቸውም እንደ እኔው ነገር የሚያጠሩ ሰው ናቸው።

«ደህና። አለመሞታቸውን በምን አወቅሽ?»

«ማክሰኞ ደህና ሆነው ነው የሄዱት!»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ማስረጃ የለኝም። የከተማው ስልክ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ መምህር ይመር ሠርግ ላይ ናቸው። ደግሞስ እኔ ሳልከፍፋቸው ወልድያ ላይ አንድ ነገር ሆነውስ ቢሆን? ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ማመን አቃተኝ።

«ለዘመድ ሁሉ መልእክት ተልኳል» አሉ መሪጌታ። «በ‹አይመስለኝም› መርዶ አይመለስም። ከጋሸና የሚመጣ መኪና ካለ እንጠይቅ።»

ቢያንስ ሳንቃውን ላንሣ ብዬ ሄድሁ። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ከጎኑ ቆሟል። ክፈፉ ላይ የሆነ ሰው አበባ ሰክቶበታል።

«መንካት አይቻልም» አለኝ።

«አዘጋጇ እኮ እኔ ነኝ!»

«እግዜር ያጥናሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሞኝነት ከዚያ በፊት ካደረግሁት ሁሉ የከፋ ነው የምለው። እትዬ ዝናሽን ቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ወሰንሁ። ነገ በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ በውሸት ከሚያስደነግጣቸው፣ እኔ ዛሬ በረጋ መንፈስ ነገሩን ባስረዳቸውስ? አስተዋይ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ቤታቸው ስደርስ ሁለት ጎረቤቶች ደጁን ይዘዋል፤ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ ሌላዋ ወንፊት ልትመልስ። ከቤት ወሬ እንዳይገባ ዘብ መቆማቸው ነው። እትዬ ዝናሽ ግን ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ።

«ነይ ግቢ ልጄ! ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነክቶታል? አንዷ ውኃ ቀድታልኝ ሄደች፣ አንዷ ልጆቼን አጥባልኝ ሄደች። መሪጌታም ሲያልፉ በቁሜ መረቁኝ።»

ቃላቱን መንገድ ላይ ደርድሬያቸው ነበር፤ ሁሉም ጠፉ። ከስድስቱ ጥያቄ የሚቀድመው የትኛው ነው? ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣

«እትዬ ዝናሽ፣» አልሁ፣ «ጋሼ አልሞቱም።»

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«አልሞቱም። ማለቴ... በሕይወት እንዳሉ ነው የምናስበው።»

እስኪ ፍረዱ። ባሏ መንገድ የሄደ ሴት ደጅ ላይ ማን ነው መጥቶ «አልሞተም» የሚላት? እትዬ ዝናሽ የታጠቡትን ልጆች አዩ፣ ውኃ የተሞላውን እንስራ አዩ፣ የመሪጌታን ምርቃት አሰቡ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። ከዚያ የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወንፊቶቹ ወደቁ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። አክስቴ ከነጭልፋዋ ደረሰች።

«አንቺ ጉድ! መርዶ በከሰዓት? ያለ ሽማግሌ? ቆመሽ?»

«አልነገርኋቸውም! አልሞቱም ነው ያልሁ!»

«እሱ አይደለ መንገር!»

ጩኸቱ ገበያ ደረሰ። ገበያው ከነአህያው ተነሥቶ መጣ። ግቢው ሞላ፣ መንገዱ ሞላ። አብዮት ጠባቂው ሳንቃውን ከነግንዱ ነቅሎ አምጥቶ መሐል ተከለው። አልቃሿ ከፎቶው ፊት ቆመች፤ ማንበብ ስለማትችል አንድ ተማሪ ከጎኗ ሆኖ ጽሑፌን ያነብላታል፣ እሷ ወደ ሙሾ ትገለብጠዋለች። እንዲህ አለች፦

«ከእንግዲህ አርፍዶ ይመጣል ተማሪ፣
በሩ ላይ የሚቆም ጠፋ ተቆጣጣሪ።»

በአርጩሜያቸው የተገረፉት ሁሉ፣ ከሁሉ ይልቅ እነሱ፣ ደረታቸውን መቱ። አልቃሿ ቀጥላ «የአምስት ልጆች አባት» ስትል ግን አላስቻለኝም፤ ጠጋ ብዬ «አራት ናቸው» አልኋት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጉድ መሐል፣ አራት ናቸው አልሁ። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር እንዲህ ነው።

እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። አባቴ ነው፤ ማር ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ኖሯል። ማሩ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ልጄ፣» አለኝ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ደግ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ያዋዋለን ሰው ከሞተ ውሉም የለም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን።»

በራሴ እጅ፣ በራሴ ማስመሪያ፣ ራሴን ለዐሥራ ሁለት ቀፎ አስረክቤያለሁ። ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም።

የጭነት መኪና ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከጋሸና የሚመጣው ነው። ሕዝቡ መንገዱን ስለዘጋው ቆመ። ከጋቢናው አንድ ሰው ወረደ፤ በብብቱ የደብተር እሽግ፣ በእጁ የስኳር ከረጢት። ጓድ ሞላ ናቸው። ስብሰባው ቀድሞ አልቆላቸዋል።

ከኋላ ያሉት አዩዋቸውና ዝም አሉ። ዝምታው እየሰፋ ወደ ፊት መጣ። ጓድ ሞላ ሕዝቡ የተሰበሰበው ከማን ቤት እንደሆነ አዩ። ስኳሩ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ነው?» አሉ።

እኛ አገር መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም፤ ሰዉም አፉን በነጠላ ሸፈነ። አንድ ሽማግሌ ከልማድ የተነሣ «እስኪ ይቀመጡ» አሏቸው። ይኼን ሲሰሙ ጓድ ሞላ የሽማግሌውን ክንድ ጨብጠው ያዙ።

«ከልጆቼ ነው? ዝናሽ ናት? ኧረ በላሊበላ፣ ንገሩኝ!»

ማንም አይነግራቸውም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ማንም! ያ በር ላይ ቆሞ የሚያስፈራን ሰውዬ ፊት ለፊታችን እየለመነን። እግሬ ራሱ ወደ ፊት ወሰደኝ። መቼም እንዲያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ! ሞቱ የተባሉት አንቱ ነዎት! የገደልሁዎት ደግሞ እኔ ነኝ!»

እትዬ ዝናሽ ሰውን እየገፉ ወጥተው አንገታቸው ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እልልታና ለቅሶ ለይቶ መጻፍ አይቻልም። እልልታው ሲረግብ ግን ጓድ ሞላ ወደ ሳንቃው ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሁላችንም ቆመን እያየናቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ውሸት የለበትም» አሉ። ጣታቸውን ክፈፉ ላይ አደረጉ። «ይኼስ?»

«ያምር ብዬ ነው። ጋዜጣ ላይ አይቼ... ግማሹ ከሳጥን ጀርባ ነበር፣ ጋሼ።»

አባቴ ነገሩ ሲገባው ጊዜ ወሰደበት፤ ሲገባው ግን ጠጋ አለ። «ጌታዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። አንድ ጥፋት ብለን አልነበር?»

«ብለናል» አሉ ጓድ ሞላ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ወረቀቱ ቢሮ ነው። ሰኞ ይምጡ።»

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍሁት አትጠይቁኝ። የተዘፈዘፈውን ባቄላ አክስቴ በሙሉ እኔን አበላችኝ።

ሰኞ ጠዋት አባቴና እኔ ከጠረጴዛቸው ፊት ቆምን። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ዘረጉት። የአባቴ አውራ ጣት ከነክቡ ይታያል። ጓድ ሞላ ግን ወረቀቱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን አልቃሿ ያለችውን ጽፈሽዋል?»

ጽፌው ነበር። እንዴት አልጽፈውም? ደብተሬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው መስታወቱን ብዙ ጠረጉት። ገጿን በጥንቃቄ ከደብተሬ ቀድደው መሳቢያቸው ውስጥ አስገቧትና ቆለፉ።

ከዚያ አባቴን፣ «ጥፋት አለ ይላሉ» አሉት።

«ሰው ሁሉ ያየው ነው! በቁምዎ ገደለችዎ እኮ!»

«የተገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ ጓድ ሞላ። «እኔ ደግሞ አልከሰስሁም።»

አባቴ አሰበው። ብዙ አሰበው። በመጨረሻ «የሟች ቃል ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ባርኔጣውን አደረገ። ጓድ ሞላ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥርስ አላቸው፤ አረጋግጫለሁ።

የዚያኑ ቀን በባንዲራ ሰዓት ለስድስት መቶ ተማሪ እርማት አነበብሁ። መምህር ይመር ከኩልመስክ ተመልሰው ጥግ ላይ ራሳቸውን ይዘዋል። «ዳይሬክተራችን ጓድ ሞላ ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በሕይወት መኖራቸውን አዘጋጇ በዓይኗ አይታለች» ይላል እርማቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አልጨመርሁም፤ ጓድ ሞላ ፊቴ ቆመው እያሉ እንኳ፣ ከዚያ ሰዓት አልፌ መመስከር ፈርቼ ነበር።

ስምንተኛን ጨረስሁ። ሌላውንም ጨረስሁ። እዚያው አማርኛ አስተማሪ ሆንሁ። እትዬ ዝናሽ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ገና ሰላም ሳልላቸው፣ «አረጋገጥሽ?» ይሉኛል። ሰው ሳይሞት አልሞተም ያልሁባቸውን ቀን ማስታወሳቸው ነው። ሁለታችንም እንስቃለን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጓድ ሞላ ሊታከሙ ደሴ ሄዱ። ወሬው በስልክ መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ነው። በወጉ መሠረት ማለዳ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘን፣ እትዬ ዝናሽ ደጅ ደረስን። በሩን ከፍተው ወጡ። የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ከፊታቸው ላይ ያቺ የድሮዋ ፈገግታ፣ ትንሽ፣ እንደ ልመና ብቅ አለች።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አረጋገጥሽ?»

ስድስቱንም ጥያቄ ጠይቄ፣ ከሦስት ሰው አረጋግጬ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እባክህ አምላኬ፣ ተሳስቼ ልገኝ አልሁ።